ምስክር ብርጭቆ

«የተላጠ ግድግዳ አይመዘግቡም» ይል ነበር ራዲዮ። ጠዋት የመጀመሪያውን ጢም ሲላጭ ይላል፣ ማታ ወለል ላይ የወደቀውን ፀጉር ሲጠርግ ይላል፤ በመካከሉ ደግሞ ምላጩን ጉሮሮህ ላይ አሳርፎ «ሰምተሃል አይደል?» ሲልህ፣ አልሰማሁም የሚል ጀግና በዚያች ከተማ አልተወለደም።

ራዲዮ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ከተማው ነው፤ ልዩነቱ እውነተኛው ራዲዮ ሲሰለችህ ይጠፋል። ወሬው እንዲህ ነበር፦ የቅርስ ኮሚቴ ሊመጣ ነው። ጣቢያውን አይቶ ወይ ይመዘግበዋል፣ ወይ ለአውቶቡስ ማቆሚያ እንዲፈርስ ይለቀዋል። ከወንዙ ማዶ ያለው ከተማ ጣቢያ የፈረሰው፣ ኮሚቴዎቹ የተላጠውን ግድግዳ አይተው የመኪናቸውን ሞተር እንኳ ሳያጠፉ ስለተመለሱ ነው። «ሳያጠፉ!» ይላል ራዲዮ ጣቱን ቀስሮ። ማን ነገረህ ሲባል «የታመነ ሰው።» የታመነውን ሰው ግን ያየው የለም።

ይህ ወሬ ከሁሉ አብልጦ የሚኮሰኩሰው የእሾህን ጆሮ ነበር። እሾህ ያሏት በምላሷ ነው። እናቷ ያወጣችላት ሌላ ስም ነበራት፤ ግን አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው ሌላውን ስሟን ይረሳዋል። የጣቢያው የመጨረሻ ሹም ልጅ ናት። ባቡሩ ቀርቶ፣ ሐዲዱም ተነቅሎ በብረትነቱ ከተሸጠ ወዲህ ጣቢያው ውስጥ የቀሩት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው፤ እነሱም የቀሩት ውጡ የሚላቸው አካል ስለረሳቸው ነው። አባቷን ከተማው ዛሬም «ሹሙ» ይላቸዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸው ሲሾሙም አልበሉ፣ ሲሻሩም አልቆጫቸው። ያለቻቸው አንዲት ክፍል ናት፤ ከመንገደኞች መጠበቂያው በላይ፣ መስኮቷ ወደ መድረኩ የሚያይ። እግራቸው ከከዳቸው ጀምሮ አልጋቸው ከመስኮቱ ሥር ሆኗል። ውጡ ቢባልስ ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነበር።

«እኔ ከዚህ የምወርደው በሰው ትከሻ ነው።»

ጣቢያው ከተመዘገበ ይኖሩበታል፤ ካልተመዘገበ ሹሙ የሚሄዱት ታናሽ ወንድማቸው ወፍጮ ቤት ጀርባ ወዳለችው ጓዳ ነው። እሾህ ይህን ታውቃለች። ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበራትም፤ አባቷ በዚያች መስኮት ሥር እንዲኖሩ፣ በዚያችው መስኮት ሥር እንዲሞቱ።

ሕንፃው ደግሞ ለምኞት የሚበቃ ነበር። ግድግዳው ቀላ ያለ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ልጅ መስኮቱ ደፍ ላይ ተጋድሞ የሚተኛበት ያህል። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ ነው፣ ላዩም የተቀባው በኖራ ነበር። በመድረኩ በኩል ቅስት በሮች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ቅስት አናት ላይ አንድ ድንጋይ ከወንድሞቹ መካከል ጎልቶ ይወጣል፣ እንደ ኩሩ ሰው አፍንጫ። የጣሪያው ጠርዝ ዳንቴል በሚመስል ጥልፍልፍ እንጨት ተከፍፏል። የትኬት መቁረጫዋ መስኮት ግማሽ ክብ ናት፤ የሥሯ እንጨት ስንት ዘመን በመጣ በሄደው ክርን ተበልቶ ጎድጉዷል። እሾህ ልጅ ሳለች ያን ጎድጓዳ ውሃ ሞልታ የአሻንጉሊት ገበታ አድርጋ ተጫውታበታለች።

ግን ኖራው ተልጦ ነበር። ይህን መካድ አይቻልም። ከሩቅ ሲታይ ግድግዳው ጭርት የወጣበት ራስ ይመስላል።

«ጋሽ ራዲዮ፣ ያ የታመነው ሰውህ ስለ ግድግዳ ምን ያውቃል?» አለችው አንድ ቀን የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ።

«ስለ ግድግዳ ባያውቅ ስለ ሰው ያውቃል። አንቺ እንግዳ ሲመጣብሽ ፊትሽን አትታጠቢም?»

«እታጠባለሁ እንጂ ቆዳዬን አልቀይርም።»

«እሱንስ ብትቀይሪው ባልከፋ!» ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ በሳቅ ሲንፈራፈር ጆሮውን ሊያስቆርጥ ምንም አልቀረው።

ሳቁ አለፈ፤ ወሬው ግን ገባ። ወሬ ለካ እንደ ጠብታ ነው፤ በአንዴ አይበሳም፣ ሲመላለስ ይሰረስራል። ደግሞም በዚያች ከተማ ግድግዳ የሚያሳምር እጅ ካለ የእሾህ እጅ ነው። ይህን የምትለው ራሷ ነበረች፤ ውሸት ግን አልነበረም። ማንም አላስተማራትም። ለግንበኞች የሲሚንቶ ባልዲ ስትሸከም ዓይኗ እጃቸው ላይ ነበር፤ አንድ ቀን ለሳኙ ሳይመጣ ቀርቶ ባለቤቱ ሲጮህ፣ ማለስለሻ እንጨቱን፣ ፍራታሶውን፣ አንስታ ግድግዳውን ጨረሰችው። ለሳኙ ሲመለስ የራሱ ሥራ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተው፤ የሚያምረውን የኔ ነው አለና ተዋረደ። ከዚያ ወዲህ ባልዲ አልተሸከመችም፤ አሸከመች እንጂ።

እናም በበጋው መጨረሻ ጣቢያውን ለሰነችው። መወጣጫ ሠርታ አሮጌውን ኖራ እስከ ድንጋዩ ፋቀችው። ከየሥራው የተረፈ ሲሚንቶ አጠራቅማ ነበር። ራዲዮ ሱቁን ዘግቶ አሸዋ በጋሪ አመላለሰላት፤ እያመላለሰም ስለ አሸዋ የታመነ ሰው የነገረውን አወራት።

«ሲሚንቶው አልበዛም?» አላት ድብልቁን እያየ።

«ስስ ልስን ለሰው ቤት ነው።»

ግድግዳው ለስልሶ፣ ነጥቶ፣ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ከተማው መጥቶ አየው። ሹሙም አልጋቸው ላይ በክርናቸው ተደግፈው የመስኮቱን ዳር ዳበሱት።

«ባንክ አስመሰልሽው እኮ!»

«ምን አጠፋሁ አባዬ?»

«አይ፣ ጥሩ ነው። ብቻ ይህን ያየ መንገደኛ ትኬት ሊቆርጥ ሳይሆን ሊበደር የመጣ ነው የሚመስለው።»

ሳቀች። በዚያ ቤት ከልቧ የሳቀችው ለመጨረሻ ጊዜ ነበር፤ ይህን ግን ያን ቀን ማንም አልነገራትም።

ዝናቡ ገባ። የጣሪያው አሽንዳ የተቀደደ ስለነበር ውሃው በግድግዳው አናት ገብቶ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። አንድ ጠዋት እሾህ ስትወጣ ከአባቷ መስኮት ጥግ የጀመረ ስንጥቅ አየች። ደረጃ እንደሚወርድ ሰው አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ታች እያለ ትኬት መቁረጫዋ ድረስ ይወርዳል። ጣቷን አስገባችበት። ጣቷ ገባ። ለአባቷ አልነገረቻቸውም።

የቅርስ ኮሚቴው መሐንዲስ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ራዲዮ መላጫውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ፤ «አጠፉት! ሞተሩን አጠፉት!» እያለ።

ከመኪናው የወረደው ቀጭን፣ ጫማው ጭቃ የጠገበ ወጣት ነው። ቅስቶቹን ሲያይ ፊቱ በራ። ጎልቶ የወጣውን ድንጋይ እንደ ዘመድ ጉንጭ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ወደ ነጩ ግድግዳ ዞረ፤ ብርሃኑም ከፊቱ ጠፋ።

«ይህን ማን ለሰነው?»

«እኔ» አለች እሾህ።

«ለምን?»

ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ተልጦ ነበራ! የተላጠ አትመዘግቡም ተባለ።»

«ማን አለ?»

እሾህ ወደ ራዲዮ ዞረች። ራዲዮ ጫማው ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ አግኝቶ አቀርቅሯል።

«እኛስ የተላጠውን በወደድን ነበር» አለ መሐንዲሱ በቀስታ። «ግን ይሁን፣ ልስን ይነሳል። እሱ አያስቀረውም። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።» ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ወረደው። «የተሰነጠቀው ልስኑ ብቻ ይሆን?»

እዚህ ላይ እሾህ ዝም ብትል ኖሮ! ግን እሾህ ዝም ብላ አታውቅም።

«የኔ ልስን ነው የሚሰነጠቀው?» አለች። «ኢንጂነር፣ በዚህ ከተማ ውስጥ ዞረህ እይ። እኔ የለሰንኩት ግድግዳ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካገኘህ ይህን እጄን ቁረጠው። ከተሰነጠቀ ግድግዳው ነው።»

መሐንዲሱ እጇን አየው፤ ሲሚንቶ የበላው፣ ጥፍሩ ያለቀ የሠራተኛ እጅ ነው። አመናት።

«እንግዲያው ልስኑን አንስቼ ድንጋዩን ማየት አለብኝ። ግን ላይ ሰው ተኝቶ መዶሻ አላነሳም። ስንጥቁ ድንጋዩን ዘልቆ ከሆነ ስነካው ሊወርድ ይችላል። አባትሽ ለጥቂት ቀን ይውጡልኝ።»

ተያይዘው ወደ ሹሙ ክፍል ወጡ። ሹሙ ትራሳቸውን አስተካክለው እንግዳውን ተቀበሉ፤ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደመጣ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበረ ጠየቁት። ሥራቸው ነበርና።

«አባባ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ከዚህ ቢወጡልኝ?»

«ልጄ» አሉት፣ «እኔ ‹ለጥቂት ቀን› ብሎ ሻንጣውን አስቀምጦ የቀረ ስንት ሰው አይቻለሁ መሰለህ። ከወረድኩ አልመለስም።»

«ግድግዳው ችግር ካለበት ለርስዎም...»

«ይህ ግድግዳ?» በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «ስንት ባቡር ሥሩ እየተንቀጠቀጠ አልፏል። እኔ ነኝ እንጂ ችግር ያለብኝ እሱ ምን አለበት?»

መሐንዲሱ ወደ እሾህ ዞረ፤ አግባቢልኝ እንደ ማለት። እሷም የአባቷን ዓይን አየች። «ሰምተሃል፤ አይወርድም» አለች።

ያን ጊዜ መሐንዲሱ ከቦርሳው ስስ የብርጭቆ ቁራጭ አወጣ። ወርዶ ስንጥቁን አሻግሮ በጀሶ ለጠፈው፤ አንዱ ጫፍ ከወዲህ፣ ሌላው ጫፍ ከወዲያ።

«ይህ ምስክር ነው» አላት። «ግድግዳው ከቆመ እሱም ይቆማል፤ ግድግዳው ከሄደ ይሰበራል። ዝናቡ ሲያባራ እመለሳለሁ። ብርጭቆው ደህና ከሆነ እመዘግበዋለሁ፤ ቃሌ ነው። ከተሰበረ ግን ውላችሁ ሳታድሩ ውጡ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ሲወርድ አያስጠነቅቅም።»

ከዚያ ወዲያ እሾህ ፊቷን ሳትታጠብ የምታየው ብርጭቆውን ሆነ። ሥራ ውላ ስትመለስም ቀድማ የምትሰላመው እሱን ነው። ራዲዮ አዲስ ወሬ አግኝቷል፤ ብርጭቆው የአውሮፕላን መስኮት የሚሠራበት ዓይነት እንደሆነ የታመነ ሰው ነግሮታል። «መዶሻ አይሰብረውም» ይላል። እሾህ ለመጀመሪያ ጊዜ የራዲዮን ወሬ ማመን ፈለገች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሲዘንብ የዋለው ሰማይ በአንዴ ተገልጦ ፀሐዩ ግድግዳውን እንደ ብረት ምጣድ ሲያግለው፣ እሾህ የአባቷን እግር እያሸች ነበር።

«ጠቅ አለ» አሉ ሹሙ።

«ምኑ?»

«እታች። ሐዲድ ከብርድ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታው እንዲያ ይላል፤ ጠቅ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ብርጭቆው መካከሉ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ለሁለት ተከፍሏል። የወዲህ ግማሽ ከወዲህ፣ የወዲያው ከወዲያ፣ በየጀሶው ላይ ቁጭ ብለዋል።

ራዲዮ ከሱቁ አይቷት መጣ። ብርጭቆውን አየ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ድምፁ ዝቅ ሊል እንደሚችል እስከዚያ ቀን የሚያውቅ አልነበረም።

«እኔ ዘንድ የተሰበረ መስታወት መዓት አለ። ልክክ አድርገን እንቆርጣለን፣ በጀሶ እንለጥፋለን። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ እወቂ! አንዳንዴ ታዲያ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

እሾህ ቀና አለች። የአባቷ እጅ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደም ሥሩ ከታች ይታያል። አንድ ቁራጭ መስታወት ብቻ ነው። ይለጠፋል፣ ይመዘገባል፣ ሹሙ በመስኮታቸው ሥር ይኖራሉ። ደግሞ አንድ ቀን እሷ የሰው ግድግዳ ስትለስን ይህኛው ይወርዳል፤ ከነመስኮቱ፣ ከነአልጋው፣ ከነዚያ እጅ።

«ሲወርድስ ጋሽ ራዲዮ?» አለች። «ያኔም መስታወት እንለጥፍበታለን?»

ራዲዮ ጠፋ። አፉን ከፍቶ ቀረ።

ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳያያት፣ በራሷ እግር ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ወደ መሐንዲሱ አስደወለች። «ተሰበረ» አለችው። «አዝናለሁ» አላት። «ልክ ነው ያደረግሽው።»

ሹሙን ጎረምሶች ወንበር ላይ አስቀምጠው አወረዷቸው። አልተቆጡም። ለልጃቸው «ልጄ፣ ተሰብሮ ከሆነማ ምን ይደረጋል» ብለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበሩ ትከሻ ላይ ሲወጣ፣ «በሰው ትከሻ ብዬ አልነበር? ቀኑን ብቻ ነው የተሳሳትኩት።» ጎረምሶቹ ሳቁ። እሾህ አልሳቀችም። ደረጃውን ሲወርዱ ሹሙ መዳፋቸውን ከግድግዳው ላይ አላነሱም፤ ከላይ እስከ ታች እየዳበሱት ወረዱ።

የወንድማቸው ጓዳ መስኮት የላትም። ወፍጮው ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ዱቄቱ በበሩ ሥር ይገባል። በመጀመሪያው ሰሞን ሹሙ «ይሄ ደግሞ መቼ ነው የሚነሳው?» እያሉ ያስቁ ነበር። በኋላ ሳይስቁ ይጠይቁ ጀመር። በመጨረሻ የሚጠይቁት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነበር፤ ሰዓቱ እንዳያልፋቸው እየሰጉ፣ ጫማዬን ስጪኝ እያሉ። እሾህም «ገና ነው አባዬ፣ ተኛ» ትላቸዋለች። ዝናቡ ሳያባራ ሞቱ። ወፍጮው ለቀብሩ ግማሽ ቀን ቆመ።

ክፍሉ ባዶ ከሆነ ልስኑን አንስቶ ማየት እንደሚቻል ያሰበ አልነበረም። ለምን ያስባል? ምስክሩ መስክሯል፣ ወረቀቱ ተፈርሟል፣ አውቶቡሶቹ ጭቃ ውስጥ ቆመው ቦታ ይጠብቃሉ።

ማፍረሻው ማሽን የመጣው ምድሩ ሲደርቅ ነው። እሾህ አልሄድም ብላ ነበር፤ ሄደች። ራዲዮ አቧራውን ሽሽት በሩን ገርበብ አድርጎ በስንጥቁ ያያል፤ እሷን ሲያይ ወንበር አወጣላትና ተመለሰ። መጀመሪያ ጣሪያው ወረደ። ዳንቴሉ እንጨት የጥርስ መፋቂያ ያህል ሳይከብድ ተሰባበረ። ከዚያ የኋላ ክፍሎች፣ ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ የሹሙ ክፍል ወለል። መስኮቷ ብቻ ሰማይ ታቅፋ ቀረች። የፊቱ ግድግዳ ለመጨረሻ ተተወ፤ ሠራተኞቹ ፈርተውታል፣ የሚሄድ ግድግዳ ነው ተብለዋል። መሐንዲሱም ለዚሁ መጥቷል፤ ሰው እንዳይጎዳ ሊቆጣጠር።

የማሽኑ ክንድ የግድግዳውን ትከሻ ነካው። ነጩ ልስን በአንድ ጊዜ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከገመድ ላይ እንደተለቀቀ አንሶላ ተገፎ ወረደ። አቧራው እስኪገለጥ ሁሉም ጠበቀ።

ግድግዳው ቆሟል። ቀላው ድንጋይ ላቡ የወረደ ይመስል እርጥብ ነው። ኖራው ድንጋዩን ከድንጋይ እንዳያያዘ ነው። ስንጥቁ በነበረበት ቦታ፣ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ታች፣ ምንም የለም።

መሐንዲሱ እጁን አንስቶ ማሽኑን አስቆመ። ፍርስራሹን ወጥቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፤ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ሊያስገባ ሞከረ። እዚህ ሞከረ፣ እዚያ ሞከረ፤ አልገባም። እሾህ ተከትላው ወጥታ ኋላው ቆማለች። ከኋላቸው ሕንፃ አልነበረም፤ ክምር እንጂ። መሐንዲሱ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም» አላት በመጨረሻ። «ብርጭቆውን የለጠፍኩት ልስኑ ላይ ነው። የሄደው ልስኑ ብቻ ነበር።»